«አለሁ» ያለውን «የለም» ያለው ማሽን

«የለም» ሁሉ አንድ አይደለም። የባለሱቅ «የለም» ቀላል ነው፤ ዞር ብሎ መደርደሪያውን ሳያይ ይለዋል፣ እናንተም ቅር ሳይላችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ትሄዳላችሁ። የቢሮ «የለም» ጨዋ ነው፤ «የሉም» ተብሎ በአንቱታ ይነገራችኋል፣ የሌሉት ሰውዬ ግን ገርበብ ባለው በር ሻያቸውን ሲያማስሉ ይታያሉ። የሚኒባስ ረዳት ደግሞ «ቦታ የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልተማረውም። የእሱ ቋንቋ «ጠጋ በሉ» ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር መለመን መቻላቸው ነው። ጉሮሯችሁን ጠረግ አድርጋችሁ «እስቲ እባክህ፣ ደግመህ እይልኝ» ካላችሁ፣ አንዳንዱ «የለም» ያፍርና ወደ «አለ» ይለወጣል። የኮምፒውተር «የለም» ግን አያፍርም። ብትለምኑት፣ ብትቆጡት፣ የሰፈር ሽማግሌ ብትልኩበት ያው ነው። «0 ውጤት» ይላችኋል። ዜሮው ደግሞ ክብ ነው፤ ይዛችሁ የምትጎትቱት ጫፍ እንኳ የለውም።

ይህን የምለው ከአንድ ዜሮ ጋር ፊት ለፊት ስለተገናኘሁ ነው። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስሜት አልወድም ማለቴ አይደለም፤ ሰው ስሜቱን እንደ ማስረጃ ሲያቀርብልኝ ግን መቼ፣ የት እና ማን አየ ብዬ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ «ትወደኛለህ ወይ ብለው፣ 'በእጄ ያለው መረጃ ያንን ያመለክታል' አለኝ» እያለች ለጎረቤት ታማኛለች። ሐሜቱ የተጋነነ ነው። እንዲያ ያልኳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ነገሩ ልግባ። በአርባ ምንጭ ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ ላይ፣ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከታችኛው ክፍል ከሲቀላ ሚኒባስ ይዞ ዳገቱን የወጣ ሰው በቤቱ መስኮት ሁለቱን ሐይቆች ሲያይ ለምን እንደመጣ ይረሳል፤ የመጻሕፍቱ ትልቅ ተፎካካሪ መስኮቱ ነው። የቤቱ ኃላፊ አስቴር ትባላለች። መጻሕፍቱን ለዓመታት በካርድ ሣጥንና በራሷ ጭንቅላት ስታስተዳድር ኖራለች፤ ሣጥኑ የማያውቀውን ጭንቅላቷ ያውቀዋል። ከላንቴ የመጣ ገበሬ «ያ ባለፈው የወሰድኩት፣ ጥጉ የተቀደደው፣ ስለ ሙዝ በሽታ» ቢላት፣ ርዕሱን ሳይጠራ ይዞት ይሄዳል።

ከወራት በፊት ግን አዲስ የካታሎግ ሥርዓት መጣ። ከሥርዓቱም ጋር ትዕግሥት የምትባል ባለሙያ መጣች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር ጣቶቿም አብረው የሚተይቡ የሚመስሉ ሴት። የመጀመሪያ ቀን ሥራውን ስታስረዳኝ ቴክኒካዊ ቃል ስታወርድብኝ ቆየችና ፊቴን አይታ ወደ ገበያ ወሰደችኝ። «ገረሴ ገበያ ሄደህ ቅቤ ብትፈልግ ሰዉን ሁሉ እየዞርክ 'ቅቤ ይዘሃል ወይ?' ትላለህ?» አለችኝ። አልልም። የቅቤ ተራ የት ነው ብዬ እሄዳለሁ። «እኔም ለእያንዳንዱ ቃል ተራ እየሠራሁለት ነው» አለች። የየመጽሐፉን ርዕስ፣ የደራሲውን ስም፣ ማብራሪያውን በቃል በቃል እየበተነች፣ ይህ ቃል በነዚህ በነዚህ መጻሕፍት ይገኛል የሚል መዝገብ ታሰናዳለች። ሰው ሲጠይቅ ማሽኑ መዝገቡን እንጂ መደርደሪያውን አያይም።

የገበያው ነገር የገባኝ ቢሆንም የፊደላችን ነገር ግን ትዕግሥትን ራሷን አስቸግሯት ነበር። የስሟን ነገር ተመልከቱ። በ«ዕ» እና በ«ሥ» ይጻፋል፤ በ«እ» እና በ«ስ»ም ይጻፋል፤ አንዱን ከአንዱ ማደባለቅም ይቻላል። «ለሙከራ ብዬ ራሴን በአባላት ዝርዝር ውስጥ አራት ጊዜ ፈለግሁ፤ ሦስት ጊዜ የለሁም» አለችኝ። ስለዚህ ማሽኑ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ»፣ አልፋውን «አ» ከዓይኑ «ዐ»፣ ሦስቱን «ሀ»ዎች እርስ በርስ፣ ጸሎቱን «ጸ» ከፀሐዩ «ፀ» ሳይለይ እንዲያነብ አደረገችው። የሀገሬ ፊደል ተዋርዷል የሚል ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ስጠይቃት መልሷ ተዘጋጅቶ ቆየኝ። «ጆሮውን ነው ያስተካከልኩት፤ ዓይኑን አልነካሁም። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሰውየው እንደጻፈው ነው።»

አሁን ጋሽ ኤልያስን ላስተዋውቃችሁ። ገረሴ ተወልደው፣ እዚያም እዚህ አርባ ምንጭም አማርኛ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከተማው በሙሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። አማርኛን የተማሩት አፋቸውን በጋሞኛ ከፈቱ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ነው፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል እንዲያ የሚጠነቀቁለት። ቤቱን የወረሰ ሰው ወለሉ ላይ ይተፋል፤ ጥሮ የሠራው ግን ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ጋሽ ኤልያስ በሕይወታቸው ሁሉ ከአንድ ስሕተት ጋር ተዋግተዋል። «እኔ አለሁ» ተብሎ መጻፍ ያለበትን፣ ተማሪ ሁሉ «እኔ አለው» ብሎ ይጽፋል። ስንናገር ድምፁ ስለሚቀራረብ ጆሮ ያሳስታል። እናንተም ስልካችሁን ከፍታችሁ የመጡላችሁን መልእክቶች ብታዩ ስሕተቱን ታገኙታላችሁ። የላካችሁትን አትዩ።

ጡረታ ሲወጡ ስለ መምህርነት ዘመናቸው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጻፉ። ርዕሷን ከስም ጥሪ ወሰዱት፤ ጠዋት ጠዋት ስሙ የተጠራ ተማሪ ከሚመልሰው። «እስካሁን አለሁ» አሏት። ጥቂት ቅጂ ታትሞ በዘመድና በወዳጅ እጅ አለቀ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የቀረችው አንዲት ብቻ ናት። ጋሽ ኤልያስ በሚኒባስ፣ በቸርች ደጃፍ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ያገኙትን የድሮ ተማሪ ሁሉ «መጽሐፌ ሴቻ አለች፣ ሄደህ አንብብ» ይላሉ። ከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጡና አስቴር ጠረጴዛ ፊት ይቆማሉ።

«አስቴር፣ ጠያቂ አለ?»

«አለ እንጂ ጋሼ! ይኸው ወስደዋት የለ፤ ቦታዋ ባዶ ነው።»

ጋሽ ኤልያስ መደርደሪያውን ዞር ብለው ያያሉ። በእርግጥም ከሁለት መጻሕፍት መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ ጋዜጣ አንብበው ይሄዳሉ።

እውነቱን አስቴር ራሷ ነገረችኝ፣ «ለዜና እንዳታደርገው» ብላ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መጽሐፏን የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ማክሰኞ ጠዋት ከመደርደሪያው አንስታ መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፍባታለች፤ ጋሽ ኤልያስ ሲሄዱ ትመልሳታለች። እኔ ውሸትን በሌላ ስም አልጠራም፤ ውሸት ነው አልኳት። «አዎ ነው» አለች። «እሳቸው ፊት ቆመህ እውነቱን አንተ ንገራቸው ታዲያ።» ያን ቀን ሌላ ቀጠሮ ነበረኝ።

የአዲሱ ሥርዓት ምረቃ ሐሙስ ጠዋት ሆነ። ሥርዓቱ ሁለት ወር በሙከራ ላይ ቆይቷል፤ ሰዎች በቤቱ ኮምፒውተሮችም በስልካቸውም መጽሐፍ ሲፈልጉበት ከርመዋል። እንግዶች መጡ፣ ለስላሳና ሙዝ ቀረበ፣ ንግግር ተደረገ፣ ንግግሩን የሚደግፍ ሌላ ንግግር ተደረገ። ጋሽ ኤልያስ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ማክሰኞ ባይሆንም አስቴር ሲገቡ አይታ መሳቢያዋን ስትቆልፍ ተመልክቻለሁ።

ጥያቄ ያለው ተባለ። እኔ አለኝ። ጥያቄ ሳልጠይቅ ከስብሰባ መውጣት እንደ ዕዳ ይከብደኛል። «ይህ ሥርዓት ሰዎች ምን መጽሐፍ እንደፈለጉ፣ ስንት ጊዜ እንደፈለጉ ይመዘግባል?» አልኩ።

አስቴር እግሬን ረገጠችው። ዘግይታለች።

«ሁሉንም!» አለች ትዕግሥት በኩራት። «አንድም አያመልጠውም።»

ጋሽ ኤልያስ ቀስ ብለው ተነሡ። «እንዲያ ከሆነ ልጄ፣ እስቲ የእኔን እዪልኝ። እስካሁን አለሁ።»

የአስቴርን ፊት ልገልጸው ብሞክር ከሙያዬ እወጣለሁ። ለስላሳዋን አስቀምጣ ከመሳቢያዋ ፊት ሄዳ እንደቆመች ብቻ እመዘግባለሁ። ዓመታት የተጠበቀች አንዲት የደግነት ውሸት በሕዝብ ፊት ልትሞት ነው፤ ገዳይዋም እኔ ነኝ።

ትዕግሥት ተየበች። በግድግዳው ላይ በትልቁ ወጣ፦ «እስካሁን አለሁ፤ 0 ውጤት።»

የባሰ ነገር ነው የመጣው። ጠያቂ የላትም ብቻ ሳይሆን መጽሐፏ ራሷ የለችም። «አለሁ» ላለ ሰው «የለህም» የሚል መልስ! ከኋላ የሳቀ አለ፤ ክፋት አልነበረውም፣ ሳቅ ግን ሳቅ ነው። ጋሽ ኤልያስ መነጽራቸውን አወለቁና ስሙ በጥሪ ላይ እንደተዘለለ ተማሪ ቆመው ቀሩ።

«ሳትመዘገብ ቀርታ ነዋ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ተመዝግባለች!» አስቴር ጮኸች። «በገዛ እጄ ነው ያስገባኋት!»

ትዕግሥት ስክሪኑን አፍጥጣ አየችና ግንባሯን መታች። «ወይኔ! ዝምተኞቹ!»

ዝምተኞች የምትላቸው በየዓረፍተ ነገሩ የማይጠፉ ቃላት ናቸው። «እና»፣ «ግን»፣ «ነው»፣ «ነበር»፣ «አለ»። እነዚህ ሳይጠሩ በየሠርጉ እንደሚገኙ ሰዎች ናቸው፤ በእነሱ ብትፈልጉ ግማሹ ቤተ መጻሕፍት ይመጣባችኋል። ስለዚህ ማሽኑ ሲያገኛቸው እንዳላየ እንዲያልፋቸው በአንድ ዝርዝር አስገብታቸዋለች። «እስካሁን»ንም አስገብታለች፤ «አለሁ»ንም፣ «አለው»ንም። ከጋሽ ኤልያስ ርዕስ ላይ ዝምተኞቹ ሲነሡ የሚተርፈው ምንድን ነው? ምንም። ማሽኑ ባዶ ጥያቄ ነው የቀረበለት፤ ለባዶ ጥያቄም ባዶ መልስ ሰጠ። መጽሐፏ መደርደሪያ ላይ ሳለች ርዕሷ በመዝገቡ ውስጥ ተራ አልነበረውም።

ትዕግሥት ዝርዝሩን እንዳለ ሰረዘችው። «ከዛሬ ጀምሮ ዝም የሚባል ቃል የለም» አለች፤ የተጻፉት ቃላት ሁሉ የሚገኙበትን መጽሐፍ ብቻ እንዲያወጣም አዘዘችው። መዝገቡ ከነተራው እንደ አዲስ እስኪሠራ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል ተባለ። እንግዶቹ ወደ ሙዙ ተመለሱ።

እስከዚያ ብላ ትዕግሥት ሌላ ገጽ ከፈተች። ማሽኑ የመለሳቸውን ብቻ ሳይሆን ያልመለሳቸውንም ጥያቄዎች ልክ እንደተጻፉ ያስቀምጣል። ሰው ጠይቆ «0 ውጤት» ተብሎ የሄደባቸው ሁሉ እዚያ አሉ። ወደ ታች ወረደች። ቆመች። ተመልሳ ወጣች። «ጋሼ» አለች፣ «ይምጡ እስቲ።»

እስካሁን አለው። እስካሁን አለው። እስካ ሁን አለው። የቲቸር እስካሁን አለው። እስከአሁን አለው።

ቆጠርን። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተፈልጋለች። በ«ሁ» የጻፉት ሁለት ናቸው። አሥራ ሰባቱ በ«ው» ነው።

ጋሽ ኤልያስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አነበቡ፤ ጣታቸው ሳያውቁት ቀይ እስክሪብቶ እንደያዘ ሰው ከእያንዳንዱ «ው» ሥር መስመር ያሰምራል። መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ነበር። እየሳቁ ነው።

«እነዚህማ የእኔ ተማሪዎች ናቸው!» አሉ። «ማስረጃ አያስፈልገኝም፤ የእጅ ጽሑፋቸው ነው!»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የአስቴር ውሸት ግን እያደር እውነት ሆነ። ሰው በእርግጥ እየጠየቀ ነበር፤ አስቴር ፊት ቆሞ ርዕስ ከመሳሳት ማሽን ፊት መሳሳት ይቀላልና በማሽኑ ጠየቀ፣ ማሽኑም ለማንም ሳይናገር «የለም» እያለ መለሰው።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ሸበት ያለ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ እሱም የጋሽ ኤልያስ ተማሪ የነበረ ነው። «ቲቸር» አላቸው፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ደብተራችንን በቀይ ሲያደሙት ኖረው፣ የተረፈው ይኼ ነው?»

«አንተ ራስህ ከአሥራ ሰባቱ ውስጥ አለህበት?»

«አለሁበት፣ ቲቸር» አለ አንገቱን ደፍቶ። በ«ሁ» ይሁን በ«ው» በድምፅ መለየት አልቻልንም።

መዝገቡ ተሠርቶ አለቀ። ትዕግሥት «እስካሁን አለሁ» ብላ ስትጽፍ መጽሐፏ ከነደራሲዋ ብቅ አለች፤ ተጨበጨበ። «እስካሁን አለው» ብላ ስትጽፍ ዜሮው ተመልሶ መጣ። «ይኼንንም ላስተካክለው» አለች። «እንደ ሠ እና ሰ አንድ ናቸው ልበለው?»

«አይሆንም!» አሉ ጋሽ ኤልያስ። ክፍሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ጡረታ የወጣው ሰውዬው እንጂ ድምፃቸው አይደለም። «ሠ እና ሰ አንድ ሰው ነው፣ ካባ የቀየረ። አለሁ እና አለው ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው የሆነ ዕቃ ያለው ሰውዬ ነው! ዕድሜዬን የታገልኩትን ስሕተት በመጽሐፌ ስም ሕጋዊ ላድርገው?»

ትዕግሥት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። ነገሩ ግልጽ ነበር። እንቢ ካሉ ፊደሉ ይከበራል፣ መጽሐፏም ሁለት ፈላጊ ብቻ ታገኛለች። እሺ ካሉ አሥራ ሰባቱ ይገባሉ፣ ከነ«ው»አቸው።

«ጋሼ» አለች አስቴር፣ «ሰዎቹ መጥተው በርዎን አንኳኩ እኮ። በየትኛው እጅ ነው ያንኳኳችሁት ተብለው ሊመለሱ ነው?»

ጋሽ ኤልያስ ዝርዝሩን አስከፍተው እንደገና አንድ በአንድ አነበቡት። ስሜት አልለካም፤ ሰዓት ግን እለካለሁ፤ አንድ ሰው ሙዝ ልጦ በልቶ እስኪጨርስ ያህል ነበር።

«ይግቡ» አሉ በመጨረሻ። «ግን በር ላይ ይነገራቸው።»

ትዕግሥት ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አለው» ብሎ ለሚፈልጋት ሰው መጽሐፏ ትወጣለች፤ ከበላይዋ ግን፣ በቀይ፣ ጋሽ ኤልያስ ቃሉን እየመረጡ ያስጻፉት መስመር አለ፦ «አለሁ ለማለት ነው? በ«ሁ» ይጻፋል።» የመምህሩ ጡረታ በዚያች ደቂቃ ተሰረዘ።

ከርዕሷ ሥር ማሽኑ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፦ «መደርደሪያ ላይ ትገኛለች።» አስቴር መስመሩን አየችና ደነገጠች። ጋሽ ኤልያስ ግን ወደ መደርደሪያው አልሄዱም። ቀጥ ብለው ወደ ጠረጴዛዋ ሄዱ።

«ክፈቺው።»

«ምኑን ጋሼ?»

«መሳቢያውን ነዋ። ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና ስቆጣጠር ኖሬ፣ ከጠረጴዛ ሥር ነገር የደበቀ ሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን የማላውቅ መሰለሽ?»

አስቴር ቀላች። ከፈተችው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺ በየሳምንቱ እንዲያ ስትለፊባት፣ ቢያንስ አንድ ሰው እንደሚፈልጋት አውቄ ነበራ» አሉና መጽሐፏን ለግብርና ባለሙያው ሰጡት። እዚያው ፈርሞ ወሰዳት። ክፍተቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ክፍተት ሆነ።

እኔ ዜናዬን ጻፍኩ፤ አጭር ነበር፣ መሳቢያም አልነበረበትም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጽሐፏን ራሴ ላነባት ፈለግሁና ሥራ ላይ ሳለሁ በስልኬ ፈለግኋት። ችኩል ነበርኩ። ተየብኩ። ቀዩ መስመር ወጣ።

ግራ ቀኜን አየሁ። ማንም አልነበረም። አስተካክዬ ጻፍኩና ሴቻ ወጣሁ።

ማክሰኞ ነበር። ጋሽ ኤልያስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። አስቴር መደርደሪያው ላይ፣ መጽሐፏ በነበረችበት ክፍተት፣ በእጇ የጻፈችው አንድ ወረቀት ለጥፋለች፦ «ወረፋ አለው።»

በ«ው» ነው። ይኼኛው ግን ዕቃ ያለው ሰውዬው «አለው» ነው። ጋሽ ኤልያስን ዞር ብዬ አየኋቸው። ወረቀቱን፣ አስቴር እንደቆጠረችው፣ ሦስት ጊዜ አንብበውታል፣ አላረሙትም።